ቤይሩት ወይስ ለንደን

«እማዬ፣ ቤይሩት ልሂድ ወይስ ለንደን?» አለችኝ ልጄ ጽጌሬዳ። ውጭ አገር፣ ሶፊያ ከተማ ተምራ የጥርስ ሐኪም ሆና ብትመለስም፣ እዚህ ለመሥራት «ትምህርትሽ አይበቃም፤ ጨምሪ» አሏት። ሁለት ትምህርት ቤቶች ተቀበሏት። የለንደኑ አራት ዓመት ነው፤ ግን አራስ ልጇ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ስለሚጀምር ይዛት መሄድ ትችላለች። የቤይሩቱ ሁለት ዓመት ቢሆንም ከክርስትናው በፊት ይጀምራል። ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ደግሞ እንኳን ባሕር ሊሻገር ከደጅም አይወጣም።

«ቶሎ የምትመለሺበትን ብልሽ ልጅሽን አስጥልሻለሁ፤ ሌላውን ብልሽ ሁለታችሁንም አጣለሁ» አልኳት።

«እንግዲያ ጡቴ ይምረጥ?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች።

ለክርስትናዋ ሕፃኗን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት እኔ ነኝ። ጽጌሬዳ ቤይሩት ሄደች፤ ልጅቱ ጎንደር ቀረች።