ሁለተኛው ጉንጭ

ጸጉር አስተካካዩ መላጣ ነው። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ሱቁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና። «ለራሱ ያልሆነ ለኔ ምን ሊሆነኝ!» ብሎ ከደጃፍ የተመለሰም አልጠፋም። እሱ ግን አይከፋውም። «የኔን ለናንተ ሰጥቼ እኮ ነው» ይላል መቀሱን እያንቀጫቀጨ።

ይህ ሰው በጎልማሳነቱ ካሜራ ወደደ። አወዳደዱ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ቀስ ተብሎ አይደለም። አንድ ደንበኛው ያገለገለ ካሜራ ሸጠለትና ሳምንት ሳይሞላው ቤት ውስጥ ያልተነሳ ነገር ጠፋ። ድስቱ ተነሳ፣ በሩ ተነሳ፣ የጎረቤት ድመት ከነልጆቿ ተነሳች። ሚስቱ ብቻ ቀረች።

ሚስቱ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ልጅ ሳለች የፈላ ውሃ ግራ ጉንጯን አቃጥሏት ጠባሳው እስከ ከንፈሯ ጠርዝ ወርዷል። ስለዚህ ካሜራ ባየች ቁጥር ወይ ፊቷን ታዞራለች፣ ወይ ልጇን ብድግ አድርጋ ትጋረድባታለች። የቤቱን አልበም ለሚያገላብጥ እንግዳ ሴትየዋ አንድ ጉንጭ ብቻ ይዛ የተፈጠረች ነው የምትመስለው። ጋሻዋ ያቺው አንዷ ልጇ ነበረች፤ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው፣ ቤተሰቡ «ለፍላፊት» የሚላት። ለፍላፊት አሁን ከእናቷ በግማሽ ራስ ትበልጣለች። ብድግ የምትደረግ ጋሻ መሆኗ ቀርቷል።

አንድ እሁድ ጠዋት እናትየው ጓሮ ልብስ ታጥባለች። አባትየው የሳሙናውን አረፋ ላንሳ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል፣ እግሩ ባልዲ ውስጥ ጥልቅ አለ። እናትየው ሳቀች። ፊቷን ማዞር እስክትረሳ ድረስ ሳቀች። እሱም እግሩን ከባልዲው ሳያወጣ ቁልፉን ተጫነ።

ፎቶውን በካሜራው ትንሽ መስኮት ስታየው እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጠጋ አለች። ጠባሳው ከሳቋ ጋር ወደ ላይ ተስቧል።

«ጨለም ብሏል» አለች በመጨረሻ።

«እናበራዋለን! ሱቅ ውስጥ ነው የምሰቅልሽ፣ ከመስታወቱ ጎን።»

«መጀመሪያ አብርተህ አሳየኝ። ከወደድኩት ትሰቅለዋለህ። ካልወደድኩት ግን ያንን ነገር ሁለተኛ ወደኔ አታዞረውም። ተስማማን?»

«ተስማማን» አለ፣ ባልዲው ውስጥ እንደቆመ።

ፎቶ ለማብራት ፕሮግራም ያስፈልጋል። መምረጡ በማግስቱ ለለፍላፊት ተሰጠ። አባቷ ላፕቶፑን ለመክፈት እንኳ መጀመሪያ እጁን ሱሪው ላይ የሚጠርግ ሰው ነው። ሦስት ፕሮግራሞች አወረደች፤ የራሳቸው ስም ለምላሷ ስላልተመቻት ሌላ ስም አወጣችላቸው።

አንደኛው ገጹ በቁልፍና በመዘውር ስለታጨቀ «አውሮፕላኑ» ተባለ።

«ይሄ የባለሙያዎች ነው አባዬ። መሞከሪያው ነፃ ነው፣ ከዚያ ወር በወር ይከፈላል።»

«ወር በወር? በገዛ ፎቶዬ ውስጥ ተከራይ ልሆን ነው?»

«ባለሙያ ነኝ አላልክም?»

«ዝጊው፣ ዝጊው። ሳናውቀው ተነስቶ ጣራውን ይዞብን እንዳይሄድ።»

ሁለተኛው ነፃ ነው፤ ግን መልኩ ግራጫ፣ ፊደሉ ግራጫ፣ ሲያዩት እንቅልፍ ያመጣል። ይባስ ብሎ አንድ ነገር በነካች ቁጥር የነካችውን ከጎኑ እየዘረዘረ ይጽፋል። «ምን ሆኖ ነው እንደ ክፍል አለቃ ስሜን የሚይዘኝ!» ብላ አፍንጫዋን ነፋችበት። «ግራጫው» ብላ ዘጋችው።

ሦስተኛዋ ሮዝ ናት። መሃሏ ላይ «አሳምር» የምትል አንድ ትልቅ ቁልፍ አለቻት። ለፍላፊት ገና ስታያት «ሙሽሪት!» አለቻት።

በዚህ መሃል ደንበኛ መጣና አባትየው ወደ ሱቁ ሄደ። ሱቁ ሩቅ አይደለም፤ የቤቱ የፊት ክፍል ነው። ለፍላፊት የእናቷን ፎቶ ለሙሽሪት ሰጥታ ቁልፏን ነካች። ብርሃን ገባ። ቀሚሱ ደመቀ፤ ከኋላ የተሰጣው አንሶላ ወተት መሰለ። ጉንጩም ልስልስ አለ። ጠባሳው መጥፋቱን አይታለች። አይታም «ወይኔ እማዬ ስታምር!» ነው ያለችው። ሙሽሪት «ላስቀምጠው?» አለቻት። «አስቀምጪ።» «በነበረው ላይ ልተካው?» አለቻት። «ተኪ በቃ፣ ጥያቄ አታብዢ!»

እናትየው ከሥራ ስትመለስ ላፕቶፑ ፊት አስቀመጧት። አባትየውም አብሬያት ነው የማየው ብሎ ገና አላየውም ነበር።

ለረጅም ጊዜ አየችው። የዳቦ ቤቱ ዱቄት ያልለቀቀው እጇ ሳታውቀው ወደ ግራ ጉንጯ ሄደ።

«ቆንጆ ናት» አለች። «ማን ናት?»

ለፍላፊት ሳቀች። ሌላ የሳቀ የለም።

«አንቺ ነሻ እማዬ!»

እናትየው ግን የምታየው ባሏን ነበር። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስታየው ኖረህ፣ ማጥፊያ ባገኘህ ቀን መጀመሪያ ያጠፋኸው እሱን ነው?»

አባትየው ዞር ብሎ ልጁን አየ። ለፍላፊት ያ ሁሉ ቁመቷ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ አልቋል።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ቸኩዬ ነው።»

«እንግዲህ ስምምነታችንን አትርሳ» ብላ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች።

ለፍላፊት ሙሽሪትን ከፍታ መልሺ ብትላት፣ ሙሽሪት እንደነጋበት ሰካራም የትናንቱን አላስታውስም አለች።

«አባዬ፣ ካሜራው ላይ አለ አይደል? ከካርዱ እናወጣዋለን።»

አባትየው መላጣውን አሸ። ሱቁ ውስጥ አንድ ደንብ አለው፤ ደንበኛ ሲነሳ የወደቀውን ጸጉር ሙልጭ አድርጎ ሳይጠርግ ሌላ ሰው አያስቀምጥም። ካሜራውንም የያዘው በዚሁ ደንብ ነው። ፎቶ ወደ ላፕቶፑ በገለበጠ ቁጥር ካርዱን ይጠርጋል።

«ጠርጌዋለሁ» አለ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። በላዩ ላይ ደግሞ ድመቷን ሞልቼበታለሁ።»

ለፍላፊት ወደ መኝታ ቤት ገባች። እናቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ካልሲ ታጣምራለች።

«እማዬ፣ አባዬ ዋሽቶሻል። እኔ ነኝ። እሱ ሱቅ ነበር። እሱም ያየው ካንቺ እኩል ነው።»

«ታዲያ ለምን የኔ ነው አለ?»

«እኔንጃ። ሞኝ ስለሆነ።»

እናትየው አንድ ጥቁር ካልሲ ከሰማያዊ ጋር ጠቀለለች። «አንቺስ ለምን አጠፋሽው?»

ለፍላፊት መልስ አሰናድታ ነበር፤ ቁልፉ ነው፣ ፕሮግራሙ ነው፣ ብርሃኑ ነው ልትል። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «ደስ የሚልሽ መስሎኝ። ድሮ እኔን እያነሳሽ ትሸፍኚው ነበር። እኔ ደግሞ ረዘምኩ።»

እናትየው ካልሲውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ኧረ ክብደትሽ ወገቤን ጨርሶት ነበር» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ «እኔ እኮ ስስቅ ምን እንደምመስል አይቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጓሮ ሳየው ጠባሳው አብሮኝ ይስቃል። ወድጄው ነበር፤ ቶሎ ወደድኩት ማለት አፍሬ ነው ጨለማ ያሳበብኩት። በይ መልሺልኝ።»

«አይመለስም እማዬ» አለች ለፍላፊት። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

እናትየው በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት። «ያጠፉትን የሚመልስ ፕሮግራም አልተሠራም?»

ለፍላፊት ንፍጧን ሳብ አደረገች። «ለዚህኛው አይሆንም እንጂ አንድ አለ። መልኩ ግን አያምርም።»

«ላገባው ነው? ነይ አሳዪኝ።»

ግራጫውን እናትየው ራሷ ፈተነችው። የድመቷን ፎቶ አስከፈተችና «ያንን የተቦጨቀ ጆሮዋን አጥፊ» አለች። ጠፋ። «መልሺ።» ተመለሰ። «እንደገና አጥፊና ዝጊው። ክፈቺው። አሁንስ?» ዝርዝሩ ከጎኑ እንዳለ ነው፤ ዋናው ፎቶም በቦታው አለ፣ ድመቷም ከነተቦጨቀ ጆሮዋ።

«ይሄ ይሁን» አለች። «የነገርሽውን አይረሳም፣ የሰጠሽውን አይቀማሽም። አንተም» አለች ወደ ባሏ ዞራ፣ «ወለልህን ጥረግ፣ ካርዱን ተው። ነገ ሱቁ ሳይከፈት ታነሳኛለህ።»

«ሁለተኛ ወደኔ አታዙር አላልሽም?»

«እሱ ፎቶዬን ካልወደድኩት ነበር። መቼ አሳያችሁኝ? የሌላ ሴት እኮ ነው ያሳያችሁኝ!»

በማግስቱ የጸጉር መቁረጫው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባትየው ባልዲውን ይዞ መጥቷል። እግሩን ከተተበት። ማንም አልሳቀም።

«አውጣልኝ ያንን» አለች። ባልዲውን ወደ ኋላው ገፋ አደረገው። እሷም እጆቿን የወንበሩ ክንድ ላይ አሳርፋ ፊቷን ቀጥ አድርጋ ሰጠችው። አልሳቀችም፤ አልዞረችምም።

ለፍላፊት ላፕቶፑን እዚያው መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ፎቶውን በግራጫው ከፈተችና ትንሽ አበራችው። «ፊትሽ ላይ ምን ልንካ እማዬ?»

«ምንም። ይልቅ ያንን አምፖል አጥፊልኝ።»

«የቱን አምፖል?»

እናትየው በጣቷ አሳየቻት። ፎቶው ላይ ከወንበሩ በስተኋላ በሚታየው መስታወት ውስጥ የአባትየው መላጣ እንደ ሙሉ ጨረቃ ያበራል። ለፍላፊት አጠቆረችው። መላጣው የተቃጠለ ዳቦ መሰለ።

«መልሺው!» ጮኸ አባትየው። «አሁኑኑ መልሺው! ራሴ ነው!»

እናትየው መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች። አባትየው ጩኸቱን ትቶ ካሜራውን አነሳ። አየችው፤ ፊቷን አላዞረችም። እሱም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ አለ።

«አባዬ፣ ባልዲው!»

ዘግይታለች። እናትየው ወንበሩን ይዛ እየተንፈራፈረች ሳቀች። እሱም እግሩን ሳያወጣ ቁልፉን ተጫነ።