ይሄ የማን ከበሮ ነው?

ሰውየው የሚተዳደረው በመኪና ወንበር ልብስ ሰፊነት ነው፤ የሚታወቀው ግን በከበሮ መቺነቱ ነው። በሬጌ ዋናው ምት የሚወድቀው ሦስተኛው ላይ ስለሆነ፣ እሱም ያንን ምት አንድም ቀን ስቶት ስለማያውቅ፣ ጓደኞቹ «ሦስተኛው» አሉት። እናቱ ካወጣችለት ስም ይልቅ ይሄ ጸናበት።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ የአንድ አሮጌ ታክሲ ወንበር ልብስ በከባዱ የስፌት መኪና ላይ ወጥሮ እየሰፋ ሳለ፣ ሬዲዮው እሱ የሚመታበትን የሬጌ ባንድ አዲስ ዘፈን ለቀቀው። እግሩን ከመርገጫው አነሳ። ዘፋኙ የራሳቸው ዘፋኝ ነው። ቤዝ ጊታሩም «እሜቴ ቤዝ» የሚሏት የባልደረባው ለመሆኑ ምስክር አያሻውም፤ ባንዱን አብራው የመሠረተችው እሷ ናት፣ እጇን በጨለማም ይለየዋል። ከበሮው ግን «ጧ! ጧ!» ይላል። አንዱ ምት ከሌላው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የሰው እጅ እንዲህ አይመታም።

ይህን ዘፈን ደግሞ ባለፈው ወር ስቱዲዮ ገብቶ የመታው እሱ ራሱ ነበር።

ዘፈኑ ሲያልቅ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ለአድማጮች ስልክ ከፈተች።

«ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሬጌ አይደለም» አለ መጀመሪያ የደወለው። «ከበሮው የኤሌክትሮኒክስ ነው። ሊፍት ውስጥ የሚለቀቅ ሙዚቃ የምሰማ ነው የመሰለኝ!»

ሦስተኛው «አፈር አይንካህ!» አለ ለሬዲዮው።

ቀጥላ የደወለችው ሴት ናት። «እኔ ደሞ ወድጄዋለሁ። የነሱ ሙዚቃ እኮ በቅርቡ ጆሮ መውጋት ጀምሮ ነበር። አሁን ገና ግጥሙ ተሰማኝ።»

ጆሮ መውጋት? ሦስተኛው መቀሱን አስቀመጠ። ይህቺ ሴት ማን ናት? ድምጿ የእህቱን ጎረቤት ይመስላል። ሰው አዘጋጅተው አስደውለው ቢሆንስ?

ስቱዲዮው የአማቹ ነው፤ ድምፅ የሚቀርጸውም የሚያቀናብረውም እሱ፣ የታናሽ እህቱ ባል ነው። ወዲያው ደወለለት።

«ከበሮዬን የት አደረስከው?»

«ጋሼ፣ በስልክ የሚሆን አይደለም። ራሴ እመጣለሁ።»

ሳይመጣ ሳምንቱ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር ምልክት ሆነበት። እሁድ እህቱ ቤት ምሳ ተጠርቶ ሄደ። ባልና ሚስቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ራስ ለራስ ገጥመው ሲያወሩ ደረሰባቸውና ወሬያቸውን ቆረጡ። ልምምድ ላይ ደግሞ እሜቴ ቤዝ ጀርባዋን ሰጥታው ገመድ እየጠቀለለች ለዘፋኙ አንድ ነገር አለችው። ሦስተኛው የሰማው «...ሲያውቅ...» የሚለውን ብቻ ነው።

«ማን ነው የሚያውቀው?»

ዞር አለች። «ሲያልቅ ነው ያልኩት። ልምምዱ ሲያልቅ እንሂድ።»

አላመናትም። በዚያው ሰሞን አማቹ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ሲከፍት አሻግሮ አየ፤ በከበሮ ፋንታ የሚመቱ አራት ክብ የጎማ ገበታዎች፣ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ሣጥን። ማሽን! አማቹ ዓይኑን ተከትሎ ኮፈኑን ቶሎ ከደነው። «ለሥራ ነው» አለ ሳይጠየቅ።

ሃያ ዓመት አብሮ ከሠራ በኋላ በጎማ ሊተኩት ነው። የገዛ እህቱ ታውቃለች፤ አፏን ግን ለጉማለች። ሥራ ላይ እጁ እየሳተ ስፌት ይጠማዘዝበት ጀመር። የታክሲውን ወንበር ሊወስድ የመጣውን ሾፌር ሳይቀር ጠየቀው።

«ያንን አዲስ ዘፈን ሰምተኸዋል? ከበሮው እንዴት ነው?»

«የማሽን ነዋ!» አለ ሾፌሩ። «ግን ጨዋ ማሽን ነው፤ አይጮህብህም።»

ጨዋ ማሽን። ይህቺን ቃል ይዟት አደረ።

በማግስቱ ሥራውን ዘግቶ ስቱዲዮ ሄደ። ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የታጠረች ጠባብ ክፍል ናት። አማቹና እሜቴ ቤዝ ውስጥ ነበሩ። እሷን እዚያ ማግኘቱ ጥርጣሬውን አረጋገጠለት።

«ዛሬ ይለይልን» አለ ቆሞ። «እኔ የመታሁት የት አለ? ወይስ አጠፋችሁት?»

አማቹ የፊተኛውን ቅጂ፣ ሦስተኛው የመታውን፣ ከፈተለት። ሙዚቃው ክፍሉን ሞላው። ሦስተኛው ዓይኑን ጨፈነ። የእግር ከበሮው ደረቱን ደለቀው። ምቱ ሦስተኛው ላይ ዱብ አለ፣ እንደ ድሮው። ምን ይወጣለታል?

ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «ሳህኖቹስ?» አለ። ሳህን የሚሉት ከበሮ መቺ በዱላ የሚነካካውን የነሐስ ክብ ነው። «እዚህም ላይ ቆርጣችሁ አውጥታችኋላ! እንዲህ አበላሽታችሁ ነው ለማሽን ሰበብ ያገኛችሁት?»

ዘወር ሲል እሜቴ ቤዝ ሁለት ጆሮዋን በመዳፎቿ ደፍና አያት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

አማቹ ሙዚቃውን አቆመው። «ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሼ! ሳህኑ አለ። ሁሉን የሸፈነው እሱ ነው። ዘፋኙ እንኳ አይሰማም።»

«ትዋሻለህ!»

«በልጆቼ ልማልልህ?»

«አትማል። ቅጂውን ስጠኝ።»

ስልኩ ላይ አስጭኖ ወጣ። እህቱን ጨምሮ ሦስቱም ተመካክረው ሊያሳብዱት እንደሆነ እርግጠኛ ነበር። ስለዚህ ነገሩን የማያውቅ ሰው መፍረድ አለበት ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ገባ። ባለሙያው የአንድ ደንበኛ ማጅራት በማሽን እያስተካከለ ነበር። ሦስተኛው ምንም ሳይናገር ስልኩን ከግድግዳው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝቶ ለቀቀው።

ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ከደንበኛው አንገት ነጥቆ ዘለለ። «ኧረ በፈጠረህ አጥፋው! ምንድነው የድስት ክዳን የሚያንኳኳው? ጆሮዬን በሳው እኮ!»

ደንበኛውም ፊቱን አጨማዶ መስታወቱ ውስጥ አየው።

ሦስተኛው ስልኩን ነቀለ። ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ አረፍ አለ። ሰምቶ ያልገባው ነገር ሁሉ ተራ በተራ መጣበት፤ ማዕድ ቤት ውስጥ የተቆረጠው ወሬ፣ ሲያውቅና ሲያልቅ፣ ስፌት ቤቱ በር ላይ «ስንቴ ልጥራህ» እያሉ የሚቆጡ ደንበኞች።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር» አለ ሦስተኛው።

የጆሮ ሐኪሙ ብዙ አላስቀመጠውም። ወፍራም ድምፅ ደህና ይሰማል፤ ቀጫጭኑን ግን ጆሮው ከተወው ሰንብቷል። የስፌት መኪናውም ሳህኖቹም ለዓመታት ሲበሉት ኖረዋል። ስላልተሰማው አጠንክሮ ይመታል፤ አጠንክሮ ሲመታ ጆሮው ይብስበታል።

ከሐኪሙ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ። በሩን ስትከፍትለት ሰላም እንኳ አላላትም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ወንድም ጋሼ፣ ነግሬህ ነበር» አለች። «አልሰማህም።»

የተናገረችው ነገር ለራሷም ቆይቶ ገባት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች፤ ሳቋ አመለጣት፣ ሳቁም ወደ ለቅሶ ዞረ። ሦስተኛው ሊቆጣ ነበር የመጣው። ግን ስታለቅስ አላስቻለውም፣ አቀፋት። ባሏ ለምን በድብቅ እንደሠራ ከዚያ በኋላ ነገረችው። ዘፈኑ ለሬዲዮ የሚሰጥበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ሊነግረው ተነስቶ ሁለት ጊዜ ከስፌት ቤቱ በር ተመልሷል። ገበታዎቹንም ያመጣው ሦስተኛው እንዲመታባቸው ነው፤ ጎማ ላይ የቱንም ያህል ቢመታ ድምፁ ከተወሰነለት አያልፍም።

«ይሁን» አለ ሦስተኛው። «ግን ሰው እንደ ሌባ አይሠራም። ይሄን ንገሪው።»

አማቹን ቶሎ ይቅር አላለውም። ገበታዎቹንም አልወደዳቸውም። ጎማው ዱላውን መልሶ ይወረውረዋል፣ ድምፁም አሁንም ሊፍት ይመስለዋል። ሆኖም ጆሮው ውስጥ ሐኪሙ ያዘዘለትን የማዳመጫ መሣሪያ አስገብቶ፣ እግሩን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ የቤዙን ንዝረት በጫማው ሥር እየተከተለ ተለማመደ። እሜቴ ቤዝም ጀርባዋን ሰጥታው ማውራት ተወች።

ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ አዳራሽ ተጫወቱ። ሲጨርሱ አንድ ጎረምሳና አንዲት ወጣት እየተከራከሩ መድረኩ ድረስ መጡ።

«ጋሼ፣ እጅዎ ጥሩ ነው» አለ ጎረምሳው። «ግን ይሄ ጎማ ነፍስ የለውም።»

«ልክ ነህ» አለ ሦስተኛው።

«በጭራሽ!» አለች ልጅቷ፣ ቀጥላም በፍጥነት ብዙ ነገር ተናገረች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ አንዴ ወደ ገበታዎቹ አንዴ ወደ እሱ እየጠቆመች። ከአዳራሹ ጫጫታ ጋር ተደባልቆበት ግማሹ አመለጠው። ስለ እሱ ክፉ ተናግራ እንደሆነ ጠረጠረ፤ ፊቷ ላይ ግን ክፋት አላየም።

ጠጋ አለና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አቀረበላት። «የኔ ልጅ፣ አልሰማሁሽም። እስቲ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አላት።