የልጄ ልክ

እና ያ ሰውዬ ፊት የለውም፣ ከክር የተሠራ ይመስላል፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን ውስጥ ክርኑን አጥፎ ቆሟል፣ አላየውም እላለሁ ግን አያለሁ፣ ልጄ ሜትሯን ይዛ እግሬ ሥር ተንበርክካለች፣ አባባ ቀጥ ይበሉ፣ ቀጥ ብያለሁ፣ ይሄ ነው ቀጥ? ትስቃለች፣ አልስቅም። ከመሬት እስከ ክርን። መቶ አራት።

ሰውዬውን የሣለው ወንድሟ ነው። መሬት ከገባ ሰባት ወሩ። የበቆሎ መፈልፈያውን ሲነድፍ መጀመሪያ ራሱን ለካ፣ ራሱን በመስመር ሣለ፣ ከዚያ እጀታውን በሰውዬው ክርን ላይ አንጠለጠለ፣ የማሽኑን እግሮች በእጀታው ላይ፣ መንኮራኩሩን በእግሮቹ ላይ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ይቆማል፣ ሰውዬው ከተነቃነቀ ሁሉም ይነቃነቃል፣ በሬው ሲዞር ሞፈሩ እንደሚዞር፣ አራተኛ ክፍል ለደረሰም ሰው ይህ አይከብድም።

አሁን ማሽኑን የማዞረው እኔ ነኝ፣ በእርስዎ ልክ ይሁን ብላለች። ማሽኑን የሚሠራልን ብረት በያጅ ይደውላል፣ እህቴ ንድፉ የታለ፣ እስከ ምሳ ካልመጣ የሌላ ሰው በር እጀምራለሁ፣ መጣ መጣ ትለዋለች። ሰውዬውን መቶ አራት ልታደርገው ቁጥሩን ትነካለች።

ሰውዬው ያጥራል።

ድምፅ የለውም። ትከሻው ወረደ፣ ክርኑ ወረደ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ንክኪ አረጀ፣ እኔን አከለ። እጀታው ተከተለው። አዩ አባባ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ ካንቺ ይሻላል እላለሁ፣ ትስቃለች፣ ታስቀምጠዋለች፣ ትዘጋዋለች። ከዚያ የጋሪውን ንድፍ ከፈተች፣ እንዲያው ለማየት፣ ጋሪው ጎብጧል። የበረቱ በር ዝቅ ብሏል። የማረሻው እርፍ አጥሯል። የስህተት ቀይ ምልክት በቀይ ምልክት ላይ። ማንም አልነካቸውም። እሱ የሠራው ሁሉ እኔን አክሏል።

እጇ አፏ ላይ ነው። በሌላ ስም ገልብጬ ቅጂውን ነበር መቀየር የነበረብኝ፣ ራሱን ነካሁት አባባ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያዩት፣ ስንት ነበር ቁጥሩ፣ መቶ ሰባት፣ መቶ ስምንት፣ ከስንት ነጥብ፣ ሳላየው ሰረዝኩት፣ ሌላ ቦታ አልተጻፈም፣ ልኩ ጠፋ። ስልኩ ይጮኻል።

ክርኔን እዳስሳለሁ። ድንጋይ ቢናገር እርስዎ አይናገሩም ይለኝ ነበር ወንድሟ። ጆንያ በቃሬዛ ስንሸከም እሱ ከኋላ እኔ ከፊት፣ ጆንያው ወደኔ ይንሸራተታል፣ ዝቅ በል እለዋለሁ፣ እርስዎ ከፍ ይበሉ ይላል፣ ባለጌ፣ አንድ ቀን አስቀምጠነው ጎን ለጎን ቆምን፣ ክርኑን ከክርኔ አስጠግቶ ጣቶቹን መሃል አስገባ፣ ሁለት ጣት እበልጥዎታለሁ አለ። ጣቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ሁለት ጣት እላለሁ። ምን? በኔ ላይ ሁለት ጣት ጨምሪ። የማን ጣት አባባ? የኔ ወፍራም ነው፣ ያንቺን ለኪ፣ ያንቺ ጣት የሱ ነው። ትለካለች። ሦስት ነጥብ አራት። መቶ ሰባት ነጥብ አራት፣ አዎ፣ አዎ፣ መጨረሻው አራት ነበር፣ ታለቅሳለች።

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ሁለት ሰው አደርጋለሁ አለች፣ አንዱ እርስዎ፣ አንዱ እሱ፣ ማሽኑ በእርስዎ ላይ ይንጠልጠል፣ እሱን ከሁሉም ፈትቼ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ፣ ማንም አይነካውም።

ከሁሉም ተፈትቶ። ለብቻው። እንዲያ ያለ ቦታ አውቃለሁ፣ አፈሩን የመለስኩት በገዛ እጄ ነው።

አይፈታም።

አባባ እጀታው ከፍ ይልብዎታል፣ ትከሻዎን ይገድልዎታል።

ይግደለው።

አባባ።

በሱ ላይ አልኩ።

ቁጥሩን ትነካለች። ሰውዬው ይነሣል፣ ያለ ድምፅ፣ እጀታው ይከተለዋል፣ እግሮቹ፣ መንኮራኩሩ፣ ያልተከፈተውም ጋሪ እዚያ ውስጥ እየተቃና ነው መሰለኝ፣ በያጁ ሌላ በር ጀመርኩ ይላል፣ ውሸታም፣ ልኬዋለሁ ክፈተው ትለዋለች፣ እኔ ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ክንዴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ክርኔ ከእንጨቱ ሁለት ጣት ተነሥቷል፣ እኔ አላነሣሁትም፣ ላወርደው ስል አልወርድም ይላል