በኮፈኖው ላይ የተለጠፉ ቀይ ክሮች

በኦገስት ወር የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዊቺታ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የመኪና መሮጫ ሜዳ፣ በአንድ የሸራ ጥላ ስር ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ቨርሊን ሃስ፣ ሚስቱ ሎሬታና የሎሬታ ታናሽ ወንድም ዱዌይን። ከፊታቸው ሰማያዊዋ ስፖርት መኪናቸው ቆማለች። ገና በጠዋቱ አስፋልቱ ይፋጃል።

የምትነዳው ሎሬታ ናት። ቨርሊን ይጠግናል፣ ተጎታቹ ላይ ይጭናል፣ ያወርዳል፣ ጎማ ይነፋል፤ ከዚያ አጥሩን ተደግፎ ይጨነቃል። ዱዌይን ደግሞ ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ የዙሩን ሰዓት ይይዛል፤ ሰውም ያበሽቃል።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ሜዳ ሞተሩ ፈልቶ ማሸጊያው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ፤ መኪናዋ የበረዶውን ወራት በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ተበታትና ከረመች። እንደገና ስትገጠም ሎሬታ አጠገቧ ቆማ፣ «ዳግመኛ ከፈላች ትሸጣለች። እኔም በቃኝ» አለች። ሎሬታ አንድ ነገር ካለች አለች ነው።

ቨርሊን መኪናዋ ብትሸጥ ለብረቱ አያዝንም። ልጆቻቸው ከቤት ከወጡ ወዲህ ሎሬታ ቀን ሆስፒታል ትሠራለች፣ እሱ ማታ እህል ጎተራ። ቤት ሲገናኙ ወተት አልቋል ከመባባል ያለፈ ወሬ የላቸውም። መኪናዋን ጎትተው ወደ ሜዳው ሲሄዱና ሲመለሱ ግን ሎሬታ ታወራለች። ስለ መታጠፊያዎቹ ትጀምርና ስለ እናቷ፣ ስለ በሽተኞቿ፣ ስለ ልጅነቷ ታወራለች፤ እሱም መሪውን ይዞ ያዳምጣል። መኪናዋ ከሄደች ያ መንገድም ይቀራል። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ኮፈኖውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ መቀየር አለብን ብሎ ወራት ሙሉ የጨቀጨቀው ግን ለዚህ ነበር።

አዲሱ ኮፈኖ ጥቁር ነው፤ ከራዲያተሩ ከፍ ብሎ መሃሉ ላይ እንደ መስኮት መዝጊያ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉት።

«ያምራል» አለ ዱዌይን። «ለዓሣ መጥበሻ ይሆናል።»

«የሞተሩን ሙቀት ያወጣል» አለ ቨርሊን። «ከፊት የገባው አየር ከስር ታፍኖ አፍንጫዋን ወደ ላይ ያነሳታል። በቀዳዳው ከወጣ ግን መኪናዋም ትቀዘቅዛለች፣ የፊት ጎማዋም መንገዱን ይቆነጥጣል።»

«ታዲያ ፋብሪካው ለምን አልቀደደውም? እህቴን ሊቅ እስኪያገባት እየጠበቀ ነበር?»

«ፋብሪካው ዝናብም ያስባል፣ ጫጫታም ያስባል። የተሠራችው በከተማ እንድትሄድ ነው።»

«ዱዌይን፣ አፍህን ለአንድ ደቂቃ አሳርፈውና ክር ቁረጥልኝ» አለች ሎሬታ።

ከሹራብ መሥሪያዋ ያመጣችውን ቀይ ክር እየቆረጡ በኮፈኖው ላይ ከፊት እስከ ኋላ በፕላስተር ለጠፉት። አየር አይታይም፤ ክር ግን አየሩ ወደሄደበት ይሄዳል። በዚያ ሜዳ ማንም የአዲስ ኮፈኖ ባለቤት ቀይ ክር ሳያስፈርድበት ሥራዬ ሠራ ቢል የሚሰማው የለም። ዱዌይን ክሮቹን እንድትቀርጽ ትንሿን ካሜራ ከመስታወቱ በላይ ገጠማት።

ሎሬታ ሄልሜቷን ከማጥለቋ በፊት ወደ ባሏ ዞረች። «የቀየርከው ኮፈኖውን ብቻ ነው አይደል? እንደ ተባባልነው? ሁለት ነገር አንድ ላይ ከተነካ የቱ እንደሠራ አናውቅም።»

«እሱን ብቻ» አለ ቨርሊን።

ውሸት ነበር። ባለፈው ሳምንት እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ ኮፈኖውን በኋላ በኩል በያዙት ማጠፊያዎች ስር ሮንዴላ የሚባሉትን ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ደራርቦ፣ መስታወቱ አጠገብ ያለውን ጠርዝ ጣት በሚያስገባ ልክ ከፍ አድርጎታል። ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል፤ በፊት ያልወጣው በኋላ ይውጣ ብሎ ነው። ቀዳዳው ባይሠራ እንኳን ይህ ይሠራል፤ መኪናዋም ትተርፋለች ብሎ።

ሎሬታ ወጣች፤ ግን ብዙ ሳትዞር ተመለሰች። ቨርሊን አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ የሙቀት መለኪያውን አየ። ቀስቱ ቀዩ መስመር አፍ ላይ ደርሷል።

«አልፈላችም» አለች ሎሬታ ሄልሜቷን እያወለቀች። «ግን ሙቀቷ እንደ አምናው ነው የሚወጣው። ምናልባት ከአምናውም ትብሳለች።»

«ዓሣውን አምጡት» አለ ዱዌይን።

እሷ አልሳቀችም። ነጂዎች ሁሉ ለስብሰባ ተጠርተው ስለነበር ውሃዋን ይዛ ሄደች፤ ዱዌይንም ነፃ ዶናት አይቶ ተከተላት። ቨርሊን ብቻውን ቀረና ካሜራዋን ፈትቶ ምስሉ የሚታይበትን ትንሽ መስኮት በእጁ ከልሎ ተመለከተ።

መሃል ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ዙሪያ ያሉት ክሮች ብድግ ብለው ይርገበገባሉ። እዚያ አየሩ ይወጣል፤ ኮፈኖው እንደተባለው ይሠራል። ከኋላ ጠርዝ ያሉት ግን ወደ ኋላ ተኝተው፣ ጫፋቸው እሱ በከፈተው ስንጥቅ ተስቦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ደግሞ አየው። መኪናዋ ስትፈጥን አየሩ ከመስታወቱ ጋር ይጋጭና እዚያ ይታፈናል፤ ቀዳዳ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ሞተሩ ይገባል። ገብቶ ከፊት የሚመጣውን ይገፋል፤ ራዲያተሩም ትንፋሽ ያጥረዋል። ኮፈኖው የሚያወጣውን የእሱ ሮንዴላ ይመልሰዋል ማለት ነው።

ቢነግራት ቁጣዋን ያውቀዋል። ኮፈኖው አይደለም የሚያስቆጣት፤ «እሱን ብቻ» ማለቱ ነው። ስብሰባው ሳያልቅ ማስተካከል ይቻላል ብሎ አሰበ። ኮፈኖውን ከፈተ፤ መፍቻውን አነሳ፤ ብሎኖቹን አላልቶ ሮንዴላዎቹን አንድ በአንድ መዘዘ። ብረቱ ጣቱን ያቃጥለው ነበር። ከሩቅ ወንበር ሲንኳኳ፣ ሰው ሲነሳ ሰማ። ሮንዴላዎቹን ኪሱ ከተተ፤ አጠበቀ፤ ኮፈኖውን ዘግቶ የፊት መቆለፊያዎቹን ቆለፈ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለች ሎሬታ ከኋላው።

«ውሃ እያየሁ። አሁን ደህና ትሆናለች።»

«በምን አወቅህ?»

«በክሮቹ። ቀዳዳው ያወጣል።»

ትንሽ አየችውና መኪናዋ ውስጥ ገባች።

እሷ እየነዳች ከወጣች በኋላ ነው ነገሩ ወለል ብሎ የታየው። በቤታቸው አንድ ልማድ አለ። ብሎን ያጠበቀ ሰው በብሎኑ ራስ ላይ ነጭ ቀለም ያደርጋል፤ ከዚያ ሌላው መጥቶ በእጁ ይነካና «ነካሁ» ይላል። «ነካሁ» ሳይባል ያቺ መኪና ሜዳ ገብታ አታውቅም። ዛሬ ማንም አልነካም። ቀለሙም ከእቃ ሳጥኑ አልወጣም። ቀኙን ማጠፊያ ማጥበቁን ያስታውሳል፤ መፍቻው ሲነክስ እጁ ላይ ተሰምቶታል። ግራውን ግን ሊያስታውስ ቢሞክር፣ ቢሞክር፣ የሚመጣለት የወንበሩ ኳኳታ ብቻ ነው።

መኪናዋ ረጅሙን ቀጥታ መንገድ እየጮኸች አለፈች። ኮፈኖው በቦታው ነው። በሚቀጥለውስ? በዚያ ፍጥነት አንዱ ጎን ከተላቀቀ ተገንጥሎ መስታወቱ ላይ ይጠቀለላል፤ ሎሬታም ምንም ሳታይ ወደ መታጠፊያው ትገባለች።

«ምን ሆነሃል አማቼ? ፊትህ አመድ መሰለ» አለ ዱዌይን።

ቨርሊን ከጥላው ወጣ። ወደ ባንዲራ ማማው ሮጠ፤ ከሮጠ ብዙ ዓመቱ ነበር። ማማው ላይ ገለባ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ቆመዋል።

«ጥቁር ባንዲራ ያሳዩልኝ» አለ እያለከለከ። «ሰማያዊዋን ያስወጡልኝ።»

«ምን አጠፋች?»

«እሷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ነኝ።»

«ዘይት ታፈሳለች?»

«አታፈስም። የኮፈኖዋን ብሎን ማጥበቄን አላውቅም።»

ሽማግሌው ወደ መንገዱ፣ ከዚያ ወደ እሱ አዩ። «የምትነዳው ሚስትህ አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«እንግዲያው ዛሬ እራትህን ራስህ ጥበስ» አሉና ጥቁሩን ባንዲራ አነሱ። ያ ባንዲራ ለጥፋተኛ ነው የሚወጣው፤ ያየ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ማን እንደሆነ ይፈልጋል። ሎሬታ በዚህ ሜዳ ስትነዳ ወጥቶባት አያውቅም።

አየችው። ፍጥነቷን ቀነሰች። እስክትገባ ድረስ ቨርሊን ዓይኑን ከኮፈኖው የግራ ጥግ ላይ አልነቀለም።

«ማንን ገጨሁ?» አለች ሞተሩን ሳታጠፋ።

«ማንንም። ሞተሩን አጥፊው።»

ኮፈኖውን ከፈተና እጁን ወደ ግራው ማጠፊያ ሰደደ። ብሎኑ ያለ መፍቻ በሁለት ጣት ዞረ።

ቨርሊን ኪሱ ውስጥ ያሉትን ሮንዴላዎች አውጥቶ በመዳፉ ላይ አሳያት፤ ከባለፈው ሳምንት ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገራት። እየተናገረ ቀና ብሎ አላያትም።

ዱዌይን ነው የቀደመው። «እኔ ኮፈኖው አይረባም ብዬ ሳማው ነበር። ለካ የማይረባው ገጣሚው ነው።»

«አንተ ደግሞ ሰዓቱን አሳየኝ» አለችው።

አየው። «ያው ነሽ። ከድሮው ኮፈኖ ሰዓት ምንም አልጨመርሽ፣ ምንም አልቀነስሽ።»

«ያው ነኝ» አለች። ከዚያ ወደ ቨርሊን ዞረች። «ግባና መለኪያውን እየው።»

አየው። ቀስቱ መሃል ላይ ነው፤ እንደዚያ ሙቀት ባለ ቀን ከመሃል ዝቅ ሊል ምንም አልቀረውም።

«አምና መታጠፊያ በደረስኩ ቁጥር ዓይኔ ቀስቱ ላይ ነበር። ዛሬ መንገዱን ነው ያየሁት» አለች። «ኮፈኖህ ይሠራል። አንተ ግን ዓይኔን እያየህ ‹እሱን ብቻ› አልከኝ። የፈታኸውንም ሳልነካ ሰደድከኝ።»

«አዎ።»

«መኪናዋ ትሸጣለች ብለህ ፈርተህ ነው?»

«እሱን ፈርቼ አይደለም» አለ ቨርሊን። ሌላውን፣ የመንገዱን ወሬ፣ ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ግን ዱዌይን ቆሟል፣ ሰውም እየሰማ ነው።

ሎሬታ ምን እንደፈራ አልጠየቀችውም። መፍቻውን ከእጁ ወሰደችና ብሎኑን ራሷ አጠበቀች፤ እሱ እንዲነካም ጠርታ አስነካችው።

ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ዙሮች ሁሉ ነዳች፤ መኪናዋ አልፈላችም። አመሻሹ ላይ ጭነው ወጡ። በመንገዳቸው ላይ ያለችው ኢምፖሪያ ከተማ እስኪደርሱ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እዚያ ነዳጅ ሲቀዱ፣ የሜዳው የሴፕቴምበር ምዝገባ መቼ እንደሚዘጋ ጠየቀችው፤ እሱም ሐሙስ እንደሆነ ነገራት።