በሩ በመሃላቸው ሲዘጋ

ልብስ ሰፊዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሲባል አንድ ሰፊ አዳራሽ ይመስላት ነበር። ይኼኛው ግን ራሱን የቻለ ከተማ ሆኖ ጠበቃት፤ ሰው እንደቆመ የሚወስድ ወለል፣ ሱቅ በሱቅ ላይ፣ መንገደኛውን ከሕንፃ ሕንፃ የሚያመላልስ ባቡር። ለዓይን ሕክምና የምትወስዳቸው አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ጆሯቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ ዓይናቸው ሊከተለው ነው።

ባቡሩ ሲመጣ ሕዝቡ ገፋ። ሽማግሌው ከሰዉ ጋር ገቡ። የእሷ ሻንጣ ማንገቻ ከሌላ መንገደኛ ጋሪ ጋር ተጠላለፈ፤ ጎንበስ ብላ ስታላቅቀው በሩ አፍንጫዋ ሥር ተዘጋ። በመስታወቱ አየቻቸው። ዞረው እየፈለጓት ነበር፣ ግን በሌላ በኩል። የሁለቱም ፓስፖርት ያለው ደግሞ በእሳቸው ኮት የውስጥ ኪስ ነው።

ጥበቃው ዘንድ ሮጠች።

"በድምፅ ማጉያ እናስጠራቸዋለን፣ እህቴ።"

"አባቴ አይሰሙም።"

"እንግዲያው በሚቀጥለው ተከተያቸው። በረራሽ ተሳፋሪ ማስገባት ጀምሯል።"

ባቡሩ ደረሰ። አንድ እግሯን አስገብታ መልሳ አወጣች። እሷ ስትሄድ እሳቸው ቢመለሱስ? ልጅ ሆና መናኸሪያ ውስጥ የጠፋች ዕለት፣ እያለቀሰች ሲያገኟት ያሏት ትዝ አላት፤ "ሁለታችንም ከሮጥን ማን ማንን ያገኛል? አንቺ ቁሚ፤ ፈላጊው እኔ ነኝ።"

ቆመች። ባቡሩ ሰው ያራግፋል፣ ሰው ይጭናል፣ ይሄዳል። ሌላው ይመጣል። ነጭ ፀጉር ባየች ቁጥር ልቧ ዘለል እያለ ይመለሳል። ወድቀው ቢሆንስ? ሰው አናግሯቸው ዝም ቢሉ እንደ ዕብድ ቆጥሯቸው ቢሆንስ?

"ኧረ የአውሮፕላኑ መግቢያ በር ሊዘጋብሽ ነው" አላት ጥበቃው።

"ይዘጋ።"

በመጨረሻ አንዲት የፅዳት ሠራተኛ ክንዳቸውን ይዛ ከተመላሹ ባቡር አወረደቻቸው። "መረጃ ክፍል ላድርሳቸው ብል እንቢ አሉኝ" አለች። "ልጄ ከተሳፈርኩበት ንቅንቅ አትልም ነው የሚሉኝ።"

ሽማግሌው ላብ አጥምቋቸዋል። ጥበቃው የመገናኛ ሬዲዮውን አንስቶ "ሽማግሌ ይዛ እየመጣች ነው፣ አደራ ጠብቋት" ሲል ከኋላዋ ሰማች፤ እሷ ግን አባቷን ደግፋ መንገድ ጀምራለች። ሲደርሱ የበሩ ሠራተኛ መዝጊያውን ይዞ ቆሟል። መጨረሻ ገቡ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ገላመጣቸው።

አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ሽማግሌው ወደ እሷ ዘንበል አሉ።

"እናትሽ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።"

ያንሾካሾኩ መስሏቸው ነበር። ጆሮው የማይሰማ ሰው ድምፁን አይመጥንምና፣ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። ልብስ ሰፊዋ አላፈረችም።