እህቴ አንሶላውን አጥባ እስክትወጣ

እኔና እህቴ መንታ ነን። ቀድሜ የወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ታላቋ እኔ ነኝ፤ «እቴ» ነው የምትለኝ። ስንወለድ አንድ አልጋ፣ ስናድግ አንድ ቀሚስ፣ ሥራ ስንይዝም አንድ ሆቴል። መልካችንን የሚለይ ሰው አልነበረም፤ የሚለዩን በአፋችን ነው። እሷ ዝምተኛ ናት፣ የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም። ዛሬ ሁለታችንን ጎን ለጎን የሚያየን ቢኖር እናቷ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው፣ እንዲያውም አያቷ። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ የሳቀ ሆቴሉ ጣሪያ ላይ ይውጣና በሊፍቱ ጉድጓድ ቁልቁል ያዳምጥ።

ሆቴሉ ረጅም ነው። እሷ ምድር ቤት ታጥባለች፣ እኔ ጣሪያው ላይ አሰጣለሁ፣ ሲደርቅም እተኩሳለሁ። የታጠበው በዕቃ ሊፍት ነው የሚመጣልኝ። ባሏ ልጃቸው ሚጣ ሳትወለድ ስለሞተ ልጅቷን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ምድር ቤቱ እርጥብ ነው፣ ለሕፃን አይሆንም። ጣሪያው ላይ ግን ፀሐይ አለ፣ ከተሰጣ አንሶላ ኋላ መደበቅም አለ። እህቴ ጠዋት ልጇን ስማ ትወርዳለች፣ ማታ መጥታ ትወስዳታለች። እንዲህ ነበር የምንኖረው፤ ምንም አልጎደለብንም።

ከዚያ የሆቴሉ ባለቤት ውሃ ፍለጋ ብሎ ምድር ቤቱን አስቆፈረ። ከሥሩ ሌላ ምድር ቤት ወጣ፣ ከእሱም ሥር ሌላ። ቆፋሪዎቹ «የታች ድንጋይ ሌላ ነው፤ ጡጫ የምታህለዋን ለሁለት ነው የምናነሳት» አሉ። የደከመው ሰው ምን የማይከብደው አለ ብዬ አለፍኩት። ውሃው ተገኘና ማጠቢያው ወደዚያው ወረደ፣ እህቴም አብራ ወረደች።

መጀመሪያ ላይ ማምሸት አመጣች። እራት በልተን፣ ሚጣን አስተኝቼ ስትመጣ «ገና እኮ ነው፣ ምን አስቸኮላችሁ» ትላለች። ሰነፍሽ ብዬ ተቆጣኋት። ባለቤቱ ግን መቆፈሩን አልተወም፤ ጠግቦ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ጠዋት እህቴ እንደ ልማዷ ሚጣን ሳመች፣ «ከአክስትሽ ጋር ጠብ እንዳትፈጥሪ» አለቻትና ወረደች። በዚያ ማታ አልመጣችም። በማግስቱም አልመጣችም።

ሞታለች እንዳልል ድምፅዋ ይሰማኛል። ስታጥብ ታንጎራጉራለች፣ በሊፍቱ ጉድጓድም ይመጣልኛል። ግን ድምፅዋ ወፍሮ የወንድ ሆነ፣ ከዚያም የሰው መሆኑ ቀረ። አንዷ ስንኝ ሳምንት ፈጀች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ደግሞ ነጭ የነበረው የታች መብራት ፍም መስሏል።

ሆቴሉ ውስጥ የሚኖር የፊዚክስ መምህር ነበር፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንለው። ሸሚዙን ሊወስድ ሲመጣ ይዤ ጉድጓዱ ላይ አቆምኩት። ጎንበስ ብሎ ረጅም ሰዓት አዳመጠ።

«ሰዓት ሁሉም ቦታ እኩል አይሄድም» አለኝ። «እጅግ ከባድ ነገር አጠገብ ያለ ሰዓት ቀስ ይላል። እጅግ የሚሮጥም እንደዚያው። ሰዓቱ ተበላሽቶ አይደለም፣ ጊዜው ራሱ ነው ቀስ የሚለው። እዚያ ላለ ሰው ምንም አይታወቀውም፤ ልቡም እጁም ሐሳቡም አብረው ነው ቀስ የሚሉት። እሷም ለራሷ እንደ አንቺው እየኖረች ነው።»

«መብራቱስ ምን ሆኖ ቀላ?»

«ብርሃን ከእንዲህ ያለ ቦታ ሲወጣ ይደክማል፣ ሲደክም ይቀላል። ድምፅዋም በዚያው ነው የወፈረው።»

«እና ይሄ በሰው ቤት ውስጥ ይሆናል?»

«አይሆንም። በሕንፃ ከፍታ ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢጠብቅ አያየውም። ታች ምን እንዳለ እኔ አላውቅም።»

«ታዲያ እሷ ምን ላይ ደርሳለች?» አልኩት። ሚጣ እናቷ ከወረደች ወዲህ መሮጥ አልፋ ገመድ መዝለል ጀምራ ነበር።

«ምናልባት የመጀመሪያውን አንሶላ እያሸች ነው» አለ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሸሚዙን ሌላ ቦታ ማሳጠብ ጀመረ።

እኔ ወርጄ በጆሮዋ ጎትቼ አመጣታለሁ ብዬ ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ። ሚጣን ክፍል ለምታጸዳው ሴትዮ አደራ ሰጠሁ። በሩ ሲዘጋ፣ ትንሽ እንደሄደ፣ ትከሻዬ ላይ ጆንያ የተጫነ መሰለኝ። ወደ ታች እየሄድኩ ይሁን ወደ ላይ እየተጎተትኩ መለየት አቃተኝ፤ በዚያ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ ያለው ክብደት ብቻ ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ፈራሁና የመመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። አንድ ሻይ የመጠጣት ያህል እንኳ አልቆየሁም። ስወጣ ሚጣ የፊት ጥርሷ ወልቋል፣ ቀሚሷም የማላውቀው ቀሚስ ነው። አይታኝ ከጽዳቷ ሴትዮ ጀርባ ተሸሸገች። ሴትዮዋም «አንቺ፣ የት ጠፍተሽ ነው? እኛማ አልቅሰንልሽ ነበር» አለችኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እስከ ታች ብወርድ፣ እህቴን ይዤ ስወጣ ሚጣ አርጅታ ትቆየናለች። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነው። የእኔ ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ እህቴ ልጇ ልጅ ሳለች እንድትደርስላት። ሌላ ሰው መላክ ሞከርን። ሊፍት ጠጋኙ «ሁለት ደቂቃ ነው» ብሎ ወረደ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ሚስቱ ጠብቃ ጠብቃ አገባች፤ አልፈርድባትም።

ቀኑን ሙሉ ብጮህም እሷ ዘንድ የሚደርሰው ተፋጥኖ፣ የጫጩት ጩኸት ሆኖ ነው። ስለዚህ ቃሉን መጎተት ጀመርኩ። «ነይ» የምትለዋን አንዲት ቃል ትንፋሼ እስኪያልቅ፣ ሲያልቅም ከዚያው እየቀጠልኩ፣ ክረምቱን ሁሉ ጎተትኳት። ሆቴሉ ያሉ እንግዶች አበደች ብለው ክፍል ቀየሩ። መልሱ ሲመጣ ሚጣ ማንበብ ተምራለች፤ እየቆራረጥን የሰማነውን እሷ ናት የገጣጠመችው። «መጣሁ፣ ይቺን ልጨርስ» ነው የሚለው። ሚጣ «መቼ ትመጣለች?» ስትለኝ «መጣሁ ብላለች» እላታለሁ። ይህን ስንባባል ሚጣ ትምህርቷን ጨረሰች፣ እኔም ሸበትኩ። ሌላ ሥራ እያላት እኔን ብላ፣ እናቷንም ብላ፣ ጣሪያው ላይ ቀረች። መልኳ ቁርጥ እናቷ ወጣ። ቁርጥ እኔ ማለት ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እኔ መተኮሻው ክፍል ነበርኩ፣ ሚጣ እዚሁ ላይ ያጠብነውን ደጅ ታሰጣለች። የሊፍቱ ገመድ መንቀሳቀስ ከጀመረ ሰንብቶ ነበር፤ መጀመሪያ እንደ ቀንድ አውጣ፣ እየቆየ ፈጠነ። በሩ ተከፈተና እህቴ የእርጥብ አንሶላ ቅርጫት ታቅፋ ወጣች። የወረደች ዕለት የለበሰችው ሽርጥ ነው። ክንዷ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ እንኳ ገና አልጠፋም።

ቀጥ ብላ ወደ ሚጣ ሄደች። «እቴ» አለቻት፣ «ምን ሆነሽ ነው እንደዚያ የምትጮሂው? ይኸው መጣሁ። ሚጣስ?»

ሚጣ የያዘችውን አንሶላ ጨብጣ ቀረች። እኔ ከወንበሬ ለመነሳት እየታገልኩ ነው።

«ተኝታለች» አለች ሚጣ።

«በዚህ ሰዓት? አሟታል እንዴ?»

«አላመማትም። ስትጫወት ውላ ደክሟት ነው።»

እህቴ ፈገግ አለች። «በይ አትቀስቅሻት። አንዲት ዙር ናት የቀረችኝ፣ እሷን ጨርሼ እመጣለሁ። ስትነሳ መጥታ ነበር በያት።» ቅርጫቱን አስቀመጠችና የሚጣን ጉንጭ ዳበሰች። «አንቺ ደግሞ ከስተሻል፤ ብይ እንጂ» አለቻት።

ግድግዳውን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ስሟን ልጠራ ስል ቀደመችኝ፤ ሊፍቱ ውስጥ ገብታ ዞር ስትል አየችኝ፣ አንገቷንም ሰበር አደረገች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ» አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥቼ አላውቅም። «ለምን ዋሸሻት? ስንጠብቅ ኖረን፣ ለምን?»

«ደስ ብሏት ነበር፣ አክስቴ» አለች እያለቀሰች። «ሚጣ እኔ ነኝ ብላት ያቺ ትንሿ ልጅ ትሞትባታለች።»

አንሶላዎቹን ከቅርጫቱ እያወጣን አሰጣናቸው። አንዲት ዙር ስንት ዓመት እንደምትፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ለዚያ ቀን አልደርስም። ሚጣ ትደርስ ይሆናል፤ ያኔ ግን እሷም እማማ ናት።