ሥር እስኪይዝ

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ከጓሮ ያለውን ግጦሽ አርሶ ሲገለብጠው ይሁን ብዬ አለፍኩት። ዘሩን በከረጢት ይዞ ሲመጣ ግን እጄን ሰድጄ ዘገንኩና እፍ አልኩበት። ግማሹ በረረ።

“ገለባ ነው የሸጡህ፤” አልኩት።

“የሳር ዘር እንዲህ ቀላል ነው፣ እማማ። አንዴ ከያዘ ለዓመታት እያጨድን እንኖራለን።”

እንደ ስንዴ ይቀብረዋል ስል፣ ላይ ላዩን በትኖ በእግሩ ጠቀጠቀው። ጥልቅ ከገባ አይበቅልም አለኝ። ዘር ሳይቀበር የሚዘራው ለወፍ ካልሆነ ለማን ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ አረም ብቻ በቀለ። ልጄን ጓዳ ጠርቼ “ባልሽ አውቆ ነው እንዴ ግጦሹን የሚያበላሸው?” ብላት፣ “እማዬ፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ አሳዪኝ የምትዪ ሴት ነሽ፤” ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ የምፈራው ለአንዲቷ ላማችን ነው። ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ ድርቆሹ እያለቀ ነው፤ የጎን አጥንቷ ይቆጠራል። አንድ ቀን ደግሞ የማላውቀው ሰውዬ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ሲያይ በመስኮት አየሁ። ጥርስ የሚያይ ገዢ ነው። አማቼን ብጠይቀው “እንዲሁ ጓደኛዬ ነው” አለኝ። እንዲሁ ጓደኛ የላም ድድ አይመረምርም።

ሳሩ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ቁርጭምጭሚት ደረሰ። አማቼ ግን መግቢያውን በሽቦ አሰረና “ላሟ እንዳትገባ፣ ገና ነው” አለ። አስርቦና አክስቶ “ከምትሞት ትሸጥ” ሊለን ነው ብዬ ደመደምኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ገበያ ሲወጡ ሽቦውን ፈትቼ አስገባኋት።

አንዴ ነጨት ስታደርግ ሳሩ አልተበጠሰም፤ ከነሥሩ ተነቀለ። አፈሩ ከአፏ ላይ ይንጠለጠላል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ጎትቼ እስካስወጣት የአንድ ክፍል ወለል የሚያህል ቦታ ራቁቱን ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ግን ጠርጥሬ መነጠርኩ። ተንበርክኬ የተነቀለውን በጣቴ መልሼ መትከል ያዝኩ።

አማቼ ሲመለስ እንደዚያው አገኘኝ። አልተቆጣም። ከጎኔ ቁጢጥ ብሎ አንድ ጭብጥ ሳር ይዞ ላም እንደምትነጨው ሳበው፤ ተነቀለ። ወደ መሃል ገባ ብሎ ሌላ ሳበ፤ ቅጠሉ ተበጠሰ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ ቀረ።

“ይሄ ይዟል። ሌላው ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤” አለ።

“ሰውየውስ?”

አፈሩን ከእጁ አራገፈ። “ሳሩ ካልያዘ ላሟን ይወስዳታል ብለን ተነጋግረናል።”

“እንግዲያ የሸጥኳት እኔ ነኝ በለኛ።”

“ማን ሸጣት፣ እማማ? ድርቆሹን አብቃቅተን እንጠብቃለን። ይልቅ ይነሱ፣ ባዶውን እንዝራው።”

የተረፈውን ዘር አመጣ። እኔ በተንኩ፣ እሱ ጠቀጠቀ። አልሸጥም ሲል ግን አልሰማሁም። ስለዚህ በየጠዋቱ ከእሱ ቀድሜ እየወጣሁ ሳሩን እየሳብኩ አያለሁ። ትናንት አሥር ቦታ ሳብኩ፤ በዘጠኙ ቅጠሉ ብቻ ተበጠሰ። አንዷ ከነሥሯ መጣች። እሷን ኪሴ ከተትኩና “ሁሉም ይዟል” አልኩት።